ለነፍሰ ጡሮች ብቻ የተፈቀደው አልትራሳውንድና የእኔ ትዳር

ለተከበሩት የክሊኒክ ባለቤትና ሐኪም
ሐይቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ቢታመሙም ከራስዎ ክሊኒክ ራቅ ብለው የሚታከሙበትን አቅም አይንሳዎ። የክሊኒኩን ስም ያልጻፍኩት ለክብርዎ ሳስቼ ነው፤ የእኔን ስም ግን ውጫሌ ድረስ ስላዳረሱልኝ የምደብቀው ነገር የለኝም።

አንደኛ፤ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ «ወንዶች ሕመማችሁን አትደብቁ፤ አልትራሳውንድ አስገብተናል» ሲሉ አምኜዎት መጣሁ። ብልቴ መጉበጡንና ማመሙን፣ ለወንድሜ እንኳ ያልነገርኩትን፣ ለእርስዎ ነገርኩ። እርስዎም መሣሪያው ለነፍሰ ጡሮች ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረድተው፣ ሳያዩኝ «የአባላዘር በሽታ ነው» ብለው ወሰኑ። ሳያዩ ማወቅ ለሁሉም ሐኪም ያልተሰጠ ጸጋ ነውና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴን ሒክማን አስጠርተው፣ ባሏ በሽታውን ከየት እንዳመጣው እንድትጠይቀው መከሯት። ጠየቀችኝ። ልብሷን ይዛ ውጫሌ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ሦስተኛ፤ ደሴ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሐኪም በዚያው ዓይነት መሣሪያ አይታ፣ ከቆዳው ሥር የጠጠረውን ጠባሳ በስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። ሕመሙ ፔይሮኒ እንደሚባል፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ነገረችኝ። ምስሉን አስይዤ ሽማግሌ ላክሁ። አማቴ ሐጂ ባድሩ ግን «እኔ ይህን ፎቶ ማንበብ አልችልም። ልጄን ያስደነገጣት ሐኪም ራሱ መጥቶ ቃሉን ያንሳ» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹም ወደ እርስዎ መጡ፤ ክሊኒክዎ አንዴ የተናገረውን እንደማይሽር ነግረው ሸኟቸው። በቃልዎ ስለሚጸኑ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ምስጢር እንደሚጠብቁ የሰጡኝ ቃል ብቻ ነው ያልጸናው።

እንግዲህ ካሳም ይቅርታም አልለምንዎትም። በመጪው ጁምዓ ሽማግሌዎቹ እንደገና ውጫሌ ይሄዳሉ፤ በሚኒባሱ ላይ ቦታ ይዘንልዎታል። ከመካከላቸው ተቀምጠው ለሒክማ «ሳላይ ነው የተናገርኩት» ቢሏት ለእኔ ከመድኃኒት ይበልጣል።

ገመናዬን በአደራ ሰጥቼዎት ሜዳ ላይ ያገኘሁት፣ እስከ ጁምዓ ድረስ አክባሪዎ፣
ጠሃ ሙአዊያ

ማሳሰቢያ፦ ካልመጡ፣ ሽማግሌዎቹ «ሐኪሙ ምን ሆኖ ቀረ?» ተብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «ፈርቶ ነው» ወይም «አፍሮ ነው» ብለው እንዳይመልሱ አደራ ብያቸዋለሁ፤ ሰውን ሳያዩ መፍረድ ለእርስዎ ክሊኒክ የተተወ ሙያ ነው።