ራዳሩ አይቶት እኔ ያልሰማሁት

ውድ ሮዌና፣

እንዴት ነሽ? እኔስ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሆባርት ከሄድሽ ሦስተኛው ክረምት ሊያልፍ ነው፤ ናፍቀሽኛል። ደግሞም የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ በስልክ ስላቃተኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ደኖሊ ያለው የአያትሽ ማሳ መቼም አይረሳሽም። አያትሽ ባንክ አላምንም ብለው የወርቅ ሳንቲሞቻቸውን እዚያ ቀበሩ፤ የት እንደሆነ ግን ሳይናገሩ ሞቱ። ያስታመሟቸው እናትሽ ነበሩና አጎትሽ ክላይቭ "እሷ ናት የወሰደችው" እያለ በየመጠጥ ቤቱ ስማቸውን ሲያጠፋ ኖረ። አንቺ የፈለግሽው ወርቁን አልነበረም፤ እናትሽ በሕይወት እያሉ ስማቸው እንዲነጻ ነበር። እኔንም ያመጣሽኝ ለዚሁ ነው። ፍቅሩ በኋላ የመጣ ነው።

ስድስት በጋ ሙሉ ማሳውን ከመሬት በታች ማዕድን ሲያገኝ በሚጮኸው መፈለጊያዬ አሰስኩት። ከዚያ አንቺ ያን የመሬቱን ውስጥ በስክሪን የሚያሳይ፣ በጎማ የሚገፋ ራዳር ከሜልበርን ተከራይተሽ መጣሽ። ቀናሁ። አዎ፣ በማሽን ቀናሁ። የሕፃን ጋሪ ነው ወይ የምትገፊው ብዬ ስቀልድብሽ ስቀሽ አለፍሽኝ። ከፈረሰው በረት ጀርባ ስትደርሺ ስክሪኑ ላይ የጎበጠ መስመር ታየ።

"ዴንዚል፣ እዚህ ጋ አፈሩ ተቆፍሮ የተመለሰ ነው" አልሽኝ።

"ያንቺ ራዳር ሳንቲምን ከዛፍ ሥር አይለይም" አልኩና መፈለጊያዬን ሁለቴ አዞርኩበት። ጭጭ አለ።

"እንግዲህ አንተ የለም ካልክ የለም" አልሽና ጋሪሽን አዙረሽ ሄድሽ። በዚያው ወር እናትሽ አረፉ። አንቺም ቤቱን ዘግተሽ ወጣሽ።

ሮዌና፣ መፈለጊያዬ ዝም ያለው እኔ ዝም በል ስላልኩት ነው። ያ ማሳ የዛገ ሚስማር መዓት ስለሆነ፣ ገና በመጀመሪያው በጋ ለወርቅ ብቻ እንጂ ለብረት እንዳይጮህ አፍኜው ነበር። ፈላጊዎች ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው። ያን ቀን አፈናውን ላንሣለት ብዬ አስቤ ነበር። ያላነሣሁት ያ ጋሪ እንዳይበልጠኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ አፈናውን አነሣሁለት። ከበረቱ ጀርባ አጉረመረመ። ክንድ ያህል ስቆፍር ክዳኑ በሽቦ የታሰረ የብረት ድስት አገኘሁ። ሳንቲሞቹ ውስጡ ናቸው፤ ወርቁን ከመፈለጊያዬ የሸሸገው የድስቱ ብረት ነበር።

ክላይቭን ጠርቼ አሳየሁት። አየና "እህቴን እኮ ሌባ አልኳት" አለ። በማግስቱ እናትሽ መቃብር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እሳቸው ግን ይህን ሳያዩ ሄደዋል፤ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

በእኛ ሥራ የቆፈሩትን ሳይደፍኑ መሄድ ነውር ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ጉድጓድ ክፍቱን ትቼ አላውቅም። ይህን ግን አልደፈንኩትም። መጥተሽ በዓይንሽ እይው፤ ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ አብረን እንድፈነው።

ሰሞኑን ዝናቡ አፈሩን ወደ ውስጥ እየመለሰው ነው። በየጠዋቱ እየሄድኩ እጠርገዋለሁ።

ያንቺው ዴንዚል