በቃኝ ያልኩበት ምሳ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይ? ዓይንሽስ? አሁንም ደብዳቤዬን እህቴ ናት የምታነብልሽ? እኔ መስታወት ጣቶቼን ከመቧጨሩ በቀር ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽን ከቆጠርሽው ግን ደህና አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት ልቀይር አንድ የጣሊያኖች ምግብ ቤት ሄድኩ። ምግብ ቤት ይባል እንጂ ስድስት ጠረጴዛ ያለው ሳሎን ነው። ባልየው ያበስላል፣ ሚስትየው ታቀርባለች፣ የባልየው እናት ጥግ ተቀምጠው ፎርማጆ ይፈቀፍቃሉ። ሥራዬን ስጨርስ ምሳ ሳትበላ አትወጣም አሉና ከራሳቸው ጋር አስቀመጡኝ። የስጎው ሽታ ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠሪልን ፓስታ ትዝ አለኝ፤ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በማንኪያ ከትክቶ ሲበላው፣ አንቺም እንደ ሕፃን ነው የሚበላው እያልሽ ስትስቂበት። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር።

ምግቡ በትልቅ ሳህን መሀል ላይ ይቀመጥና ሚስትየው በጭልፋ ታወጣለች። ያወጣችልኝን ላፍታ ሳልቆይ ጨረስኩት። ልጨምርልህ ወይ ስትለኝ፣ አንቺ እንዳሳደግሽኝ ኮራ ብዬ፣ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ አልኳት። እሺ ብላ ሳህኑን አንስታ ሄደች። እማዬ፣ በዓይኔ ሸኘሁት። ሥጋው ሲመጣም አመሌ አልለቀቀኝም፤ እሱም ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሆዴ ይጮሃል፣ አፌ ጠገብኩ ይላል።

ባልየው ሽርጡን እንደታጠቀ መጥቶ ምግባችን አልጣመህም ወይ ሲለኝ አፈርኩና እውነቱን ነገርኩት። በኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተለመንን አንበላም አልኩት። በሳቅ ፈረሱ፤ ሳህኑም ተመልሶ መጣ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ታዲያ ሁለተኛ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ምን ይሆናል? አሉኝ። ጦሙን ያድራል ብዬ ልቀልድ አፌን ስከፍት አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አባዬን የቀበርን ሰሞን አብረሽኝ ነይ ስልሽ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል፣ አንተ ኑሮህን ኑር አልሽኝ። እሺ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ። አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ይሉኝታሽን እያወቅኩ፣ ለኛ አውጥተሽ ስትጨርሺ፣ እኔ ከድስቱ ስቀምስ ጠገብኩ፣ ትይን እንደነበር እያወቅኩ፣ ቃልሽን እንደ ባዳ ተቀበልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ እናቴ መምጣት አትፈልግም እያልኩ ኖርኩ። ይህ ይቆጨኛል።

አሁን ሁለተኛ እየጠየቅኩሽ ነው። ቤቴ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ አያስወጣሽም፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ያንቺን አልጋ የማኖርበትንም ለክቻለሁ። በሞቴ፣ እማዬ፣ ነይ።

የእህቴን ባል ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ የሰፋሽልኝ ሸሚዝ እስካሁን አልተተረተረም በያት።

አንቺም እህቴ፣ ይህን ስታነቢላት እዚህ ጋ ስትደርሺ ቆም በይና ቀና ብለሽ እያት። አፏ የሚለውን አትጻፊልኝ፤ ፊቷ ያለውን ጻፊልኝ።

ልጅሽ
ከቤቴ፣ ኅዳር 9 ቀን