ገዥ ያጣው ቆዳችን

ጓደኛዬ ሽታዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሁሉ ደኅና ነው?

አባቴ በበግ ቆዳው እህል ሊገዛልን ነበር፤ ግን የጎንደሩ ነጋዴ ሐጂ አብዱልጀሊል ከመጋዘናቸው በር መለሱት።

«ምነው ሐጂ፣ በጎቼ ምን አጠፉ?» አላቸው።

«በጎችህስ ሸጋ ናቸው፣ አያ ክንዱ። ባሕር ማዶ ባንኩ ተዘግቶ የጫማ ፋብሪካው ቆሟል፤ የላክነው ቆዳ ምጽዋ ወደብ ተከምሮ ይሸታል።»

እኔ ገበያ የሚከፋው እንደ እኛ አገር ዝናብ ሲቀር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴም ቆዳው ገዥ እስኪያገኝ ልጅ እንድይዝ እዚሁ ጎንደር ከወይዘሮ ጽጌሬዳ ቤት ትቶኝ ብቻውን ተመለሰ። የምይዘው ልጅ ገና አፉን አልፈታም፤ ሌላ የሚያናግረኝ የለም። ፋብሪካው ያለበትን አገር ስሙን እንኳ አላውቅም፤ እስኪከፈት ግን እጠብቃለሁ።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ፤ ታናሽ እኅቴን ሐረገወይንን ሳሚልኝ። እናቴ ከጠየቀችሽ «ለምዳለች» በያት።