የእናቴ ጉልበትና የአምቦው መዋኛ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሣሩ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ምሳችንን ዘርግተን የበላንበት፣ ልጄ ሌንሳ እየተንከባለለች ቀሚሷን አረንጓዴ ያደረገችበት የመዋኛው ሣር ተነቅሎ ጎመን ተተክሎበታል። መሐሉ ላይ ሰሌዳ ቆሟል፦ «የምርት ግንባር። መርገጥ ክልክል ነው።» ጎመኑ ያማረ መሆኑን መካድ አልችልም። ምሳችንን የበላነው በጎመኑና በአጥሩ መካከል በቀረችው ጠባብ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጠን ነው። ያየን ሰው የስኳር ተራ የያዝን ሳይመስለው አይቀርም።

ዘበኛው ኦቦ ገመቹ አልተለወጠም። ካፖርቱም ያው ነው። «አካም ጅርቱ መምህር፣ ጠፋችሁ እኮ» አለኝ። ስለ ሣሩ ጠየቅኩት።

«ሣር አይበላም ተብሎ ነው።»

«ጎመኑንስ ማን ይበላዋል?»

«እሱ ገና በስብሰባ ላይ ነው።»

ሌላ የተለወጠ፦ የመዝለያው ማማ መሰላሉ ተነስቶለት አናቱ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎበታል። ድሮ ጎረምሶች ከዚያ እየዘለሉ ልጃገረዶችን ያስጮሁ ነበር፤ አሁን ከዚያ የሚዘለው የወታደር ማርሽ ብቻ ነው። የልጆቹ ገንዳ ዓሣ ማርቢያ ሆኗል። «ዓሣ ማስደንገጥ ክልክል ነው» ይላል ሰሌዳው። ዓሣዎቹ ገና አልመጡም፤ ክልከላው ግን ቀድሟቸው ደርሷል። ሸርተቴው እዚያው አለ፤ የሚያወርደው ግን ወደ ዓሣዎቹ ነው። ሌንሳ ከምንኖርበት ከጌዶ እስከ አምቦ ድረስ ስለዚያ ሸርተቴ ስታወራ ነው የመጣችው። ብዙ ቆማ አየችውና «ዓሣ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። ስምንት ዓመቷ ነው።

ውሃው እንደ ድሮው ነው። ይሞቃል፣ ይፍለቀለቃል፣ ብረት ብረት ይሸታል።

የመጣነውም ለውሃው ነው፤ በተለይ ለእናቴ ጉልበት። እናቴ ጎጆ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፤ ከበጎቿ፣ ከገብሷና ከብርዱ ጋር። ጉልበቷ ካበጠ ሁለት ክረምት አለፈው። ባለቤቴ ጫልቱ ነርስ ናት፤ «እኛ ጋ ይምጡ፣ ይህ ብርድ ሽባ ያደርግዎታል» እያለች ስትለምናት ኖራለች። እናቴ ደግሞ ሰው ቤት ገብታ ሽንኩርት እንድትልጥ የተፈረደባት ይመስላታል። ዛሬ በጭነት መኪና ጋቢና ከጎጆ ወርዳ አምቦ ላይ እንዳገኘችን፣ ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ ውሏን ተናገረች፦ በዚህ ጳጉሜ ታጥባ፣ እሮብ ዕለት ከመዋኛው በር እስከ መኪና ተራው ያለ ምርኩዝ፣ ሰው ሳትይዝ ከሄደች ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ዳግመኛም ስለ ጌዶ አይነሳባትም። ካቃታት ዕቃዋ ተጭኖ ይመጣል። ጫልቱ ተስማማች። እጅ ለእጅ ተመታቱ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ ሹመቴን የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ማታ ላይ የበሩን ማስታወቂያ አነበብኩላት። ሴቶች፣ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት። ያለ ዋና ልብስ መግባት ክልክል ነው። ከአሰልጣኝ ትእዛዝ ውጭ መዋኘት ክልክል ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ የገባችው በቀሚሷ ነው። «ዋና ልብስ የሚሉት ምን ዓይነት ነው?» አለች። ጫልቱ በእጇ ገላዋ ላይ አሳየቻት። እናቴ አማተበች።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

መፍትሔው የእኔ ሰማያዊ ቱታ ሆነ። እጅጌውን አጠፍንላት፣ ወገቡን በመቀነት አሰርንላት፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አደረገች። አሰልጣኟ ጓድ አልማዝ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ልጅ እግር፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች። ቱታውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ስፖርታዊ ነው፤ ይለፉ» አለች። እናቴን ስፖርታዊ ያላት የመጀመሪያው ሰው ይመስለኛል።

ወንድ በሴቶች ሰዓት አይገባም። ስለዚህ ከግንቡ ውጭ ከጎመኑ ጎን ቆሜ በጆሮዬ ተከታተልኩ።

«አንድ፣ ሁለት። እናት፣ ጉልበት ወደ ላይ።»

«ጉልበቴ ወደ ላይ ቢወጣ እዚህ ምን እሠራ ነበር፣ ልጄ?»

ፊሽካ።

«እኔ የመጣሁት ልቀመጥ ነው። ያቺ ጥግ የእኔ ናት፤ ከቧንቧው ሥር ያለችው። ዘበኛውን ጠይቂው።»

«የግል ጥግ የለም፣ እናት። ወደ ላይ።»

ፊሽካ።

የቀረውን ሌንሳ ነገረችኝ። የውሃው አረፋ በቱታው እግር ገብቶ መውጫ አጣ። አያቷ ቀስ በቀስ ተነፉ፣ ተንሳፈፉም፤ ሁለት ሴቶች እግራቸውን ይዘው ወደ መሬት መለሷቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጉልበት ወደ ላይ፣ ጉልበት ወደ ታች። ጥጓ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣ ነበር፤ እሷንም ፊሽካው አስነሳት። እናቴን ያጽናናት ይኸኛው ብቻ ነው።

ስትወጣ አላናገረችኝም። ኦቦ ገመቹን ግን ጠየቀችው፤ «ያቺ ፊሽካ የማን ልጅ ናት?» ለወላጆቿ ልትከስ አስባለች። ምሳ ላይ ከሁላችንም በለጠ በላች። ጫልቱ ይህን አይታ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ነካች። ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም። «እየተሸነፍኩ ነው» ማለቷ ከሆነ፣ ደስ ያላት ትመስል ነበር።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

በሩ ተዘግቷል። ገና ሳይነጋ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ እህል ያልቀመሱ፣ ጸበል ሊጠመቁ የተሰለፉ ነው የሚመስሉት። በዛሬው ቀን የሚወርደውም የሚፈልቀውም ውሃ የተባረከ ነው ብለው ነው የመጡት። በሩ ላይ ወረቀት አለ፦ «ሰኞ የጽዳት ቀን ነው።»

እናቴ ወረቀቱን አስነበበችኝ፤ ደግማም አስነበበችኝ።

«ሰኞ በየሳምንቱ ይመጣል» አለችው ኦቦ ገመቹን። «ሩፋኤል በዓመት አንዴ ነው። አንዱን ማዛወር ካስፈለገ የትኛውን ነው የሚያዛውሩት?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ፣ አዴ» አላት፤ እናቴ እንደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አላት። የእናቴ ፊት በራ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ገንዳ ሊታጠብ ከሆነ ውሃው መለቀቅ አለበት። የተለቀቀው ውሃ ደግሞ በአጥሩ ሥር ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወሬው ከአንዷ ወደ አንዷ ሲያልፍ ሰልፉ በሙሉ ዞረ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ በቦዩ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸውን ሙቁ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ላያቸው ላይ ዝናብ፣ ሥራቸው እንፋሎት። ተራ የለም፣ ዋና ልብስ የለም፣ ፊሽካ የለም። ከቅዳሜ ጀምሮ ያኮረፍኩበት መዋኛ በአንድ ጠዋት አጥሩን ትቶ ወጣ። እናቴ ከሁሉ በላይ፣ ውሃው የሚወጣበት አፍ አጠገብ አዲስ ጥግ ያዘች። እኔ በአክብሮት ራቅ ብዬ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ጎመኑ አጥሩን አልፎ ተተክሎ ኖሮ፣ አንድ እግሬ እሱ ላይ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጫልቱ ያደገችው በወንጌላውያን ጸሎት ቤት ነው፤ በሩፋኤል ዝናብ አታምንም። መጀመሪያ ቆማ አየች። ቀጥሎ ጫማዋን አውልቃ እናቴ ጎን ተቀመጠች። «ለደም ዝውውር ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ትንሽ ቆይቶ ጓድ አልማዝ መጣች። አንዳንዶቹ ሴቶች እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ፊሽካዋን አልያዘችም፤ የያዘችው የእናቷን ክንድ ነው። አሮጊቷን ቀስ አድርጋ ከእናቴ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ፊሽካውን የት ጣልሽው?» አለች እናቴ።

«ዛሬ ዕረፍት ነኝ፣ እናት።»

እናቴ አሮጊቷን ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረገችላቸው። ከዚያም ቦዩ ውስጥ የራሷን እግር ማንሳትና ማውረድ ጀመረች። «እንዲህ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ይቺ ልጅሽ አላሳየችሽም እንዴ?»

አሰልጣኟ ወደ ወንዙ ዞራ ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ገንዳው እንደገና ሞልቷል። እናቴ ሳትቀሰቀስ ተነሳች፤ ቱታውን ራሷ ለበሰች፤ የእግሩን ጫፍ እንዳይነፋባት በክር አሰረች። ከግንቡ ውጭ ቆሜ ስሰማ ክርክር አልነበረም። ፊሽካ፣ የውሃ ድምፅ፣ ፊሽካ።

ጫልቱ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ጉልበት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው። እብጠቱ ቀንሷል። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ጠቡ የማን ሥራ ነው የሚለው ላይ ነው። እናቴ የሩፋኤል ነው ትላለች። ጫልቱ የእንቅስቃሴው ነው ትላለች። ጓድ አልማዝ በር ላይ አግኝታን «ስፖርት ለሰፊው ሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ነው» አለች። ኦቦ ገመቹ ቦዩን የጠቆመው እሱ ስለሆነ ምስጋናውን ይጠብቃል። እኔ ዳኛው የነገው መንገድ ብቻ ነው የሚመለከተኝ ብዬ አመለጥኩ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ የነገው መንገድ ጨንቆኛል። ካሸነፈች ወደዚያ ብርድ ትመለሳለች፤ በክረምት በሯን የሚያንኳኳ እንኳ የለም። ከተሸነፈች ጌዶ ትመጣለች፤ ግን ተማርካ ነው የምትመጣው፤ የእናቴን ኩርፊያ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ከጎጆ ውርጭ አይሻልም። ጫልቱን የትኛውን እንደምትመርጥ ጠየቅኳት። «እኔ ነርስ ነኝ፤ የጉልበቱ ጉዳይ ነው የሚመለከተኝ» አለች። ውሸቷን ነው።

አንድ ትንሽ ድል፦ ኦቦ ገመቹ ጀርባውን ሰጥቶ አጥር ሲያስተካክል ሌንሳ ሸርተቴው ላይ ወጣች። ደጋግማ ወረደች። ዓሣ ስለሌለ የደነገጠ የለም። ሸርተቴው ግን ድሮ ረጅም ነበር አለች። ሸርተቴው አላጠረም፣ እሷ ናት የረዘመችው። ይህን አልነገርኳትም፤ መዋኛውን ብትወቅስ ይሻላል።

እሮብ፣ ጳጉሜ 5

ከመዋኛው በር ተነሳን። እናቴ ፊት፣ እኔና ሌንሳ ኋላ፣ ጫልቱ ምርኩዙን እንደ ጃንጥላ በብብቷ ይዛ ከጎን። የዓመት መለወጫ ገበያ ነው፤ መንገዱ በግና ዶሮ፣ ቄጤማና አደይ ይዞ ይተራመሳል። እናቴ መንገዱን በሰላምታ አቋረጠችው። የማታውቀውን ሰው ሳይቀር «አካም ቡልቴ» ትላለች። ሰላምታ ለመስጠት መቆም በውላችን አልተከለከለም፤ ይህን ቀዳዳ ከእኔ ቀድማ አግኝታዋለች።

እስከ ድልድዩ ድረስ ጥሩ ሄደች። ከድልድዩ በኋላ ዳገት አለ። ትልቅ አይደለም፤ መኪና አያስተውለውም። እናቴ ግን መሐሉ ላይ ስትደርስ ሰላምታ መስጠት ተወች። ቀኝ ጉልበቷ በቀሚሷ ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እጇ ወደ አጥር ሄደች፤ ሳትነካው መለሰቻት። ሰላም የምትለው ሰው ፈለገች፤ በዚያ በኩል ግን አንድ አህያ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ጫልቱ ቀደመችና መሐል መንገድ ላይ ጎንበስ አለች።

«አዴ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ።»

ጫማዋ ኮንጎ ነው። ላስቲክ ነው፤ ማሰሪያ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ጫልቱ ግን አሰረችው። አንዱን አሰረች፣ ሌላውን አሰረች፣ የመጀመሪያው ላልቷል ብላ እንደገና ወደ እሱ ተመለሰች። ሌንሳ አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ጨበጥኩት።

እናቴ ጫማውን አየች። ከዚያ ሰማዩን አየች።

«ቀስ ብለሽ እሰሪው» አለቻት። «ላልቶ እንዳይጥልሽ።»

ትንፋሿ ሲመለስ ማሰሪያውም አለቀ። መኪና ተራው ደረስን። ምርኩዝ የለም፣ ሰው አልያዘችም። ዳኛው ኮንጎውን አላየም።

«አሸንፈሻል» አልኳት።

የጎጆው ጭነት መኪና ቆሟል። ረዳቱ ሻንጣዋን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እናቴ አልሰጠችውም።

«ማሸነፌን ሁላችሁም አይታችኋል?»

አይተናል አልን።

«እንግዲያው ያሸነፈ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። እስከ መስቀል በእንግድነት እመጣለሁ። በጎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነው የወረድኩት። ዕቃዬን ግን የሚነካ እንዳይኖር፤ እንግዳ ነኝ።»

«እሺ፣ አዴ» አለች ጫልቱ፤ ወዲያው ፊቷን አዙራ ዶሮ መጠየቅ ጀመረች። ሦስት ነጋዴ ዋጋ ነገራት፤ አንዱንም አልሰማችም።

ይህን የምጽፈው የጌዶው አውቶቡስ እስኪሞላ ተቀምጬ ነው። እናቴ ከሾፌሩ ኋላ መስኮቱን ይዛለች፤ ጫልቱ ጎኗ ናት። ምርኩዙ ከሁለቱ መሐል ቆሟል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አሁን እናቴ ዞር ብላ «ጌዶ ክረምቱ እንደ ጎጆ ነው እንዴ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እኛ ጋ የመጣችው በበጋ ብቻ ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ብርዱ ያንሳል አልኳት። በምን ያህል ብትለኝ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችም።