ከታሸገው ሱቅ በየማለዳው የሚመጣ መልእክት

ለክቡር የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ከሦስተኛው መስኮት በላይ የተሰቀለው የቆመ ሰዓትም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ፤ የእናቴን ለሚጠይቀኝ ግን መልስ የለኝም፤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩትም ስለ እሷ ነው። በቀጥታ ወደ ቢሮዎ ያልላክሁት፣ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች እዚያው ተራቸውን እየጠበቁ ስለሆነ፣ አምስተኛ ጨምሬ መደርደሪያዎን ማጨናነቅ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ የሥራ ዘርፍ የሌለኝ ሴት ነኝ። መተዳደሪያዬ ለትንንሽ ነጋዴዎች የሥራ መከታተያ መሥራት ነው። በሦስተኛው መስኮት ያሉት እመቤት ሦስት ጊዜ አስረድቻቸው «ታዲያ ዕቃው የቱ ነው?» ብለውኛልና ቀለል አድርጌ ላስረዳ። ደንበኛ መጥቶ ሥራ ሲያዝ፣ ትእዛዙን ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንደጀመረው፣ ለማን እንዳሳለፈውና መቼ እንደሚያልቅ ኮምፒውተሩ ራሱ እየተከታተለ በየሰው ስልክ ላይ እንዲያስታውስ አደርጋለሁ። ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት አሠራር ስለሌላቸው፣ ለእያንዳንዱ የምሠራው በልኩ ነው። ከመጀመሬ በፊት ሱቁ ውስጥ ጥግ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ወረቀቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድና የት እንደሚጠፋ አያለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ «የእኔ ልጅ፣ ወይ ዱቄት አንሺ ወይ ውጪልኝ» ብሎኝ ያውቃል።

ሥራውን የጀመርኩት ለእናቴ ብዬ ነው። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋች፣ የሰው ወገብ በዓይኗ ለክታ የማትስት ሴት ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የአንዷን ቀሚስ ለሌላዋ መስጠት፣ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ መስፋት ጀመረች። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ አይመለስም አለኝ። ሱቁን ትዝጋ ግን አላለም፤ እንዲያውም እጇ የለመደውን ሥራ እስካልተወች ድረስ ብዙ ነገር ይዛ ትቆያለች አለኝ። ይህችን አንዲት ቃሉን እንደ ስጦታ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ስለዚህ ሱቋ ውስጥ ኮምፒውተር አስቀምጬ፣ እሷ የምትረሳውን እንዲያስታውስላት አደረግሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ይጮኻል፤ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። መድኃኒትሽን ዋጪ። ሱቅሽን ክፈቺ። መጀመሪያ የምትሠሪው ይኼ ነው» ይላታል። ሱቁን ስትከፍት «ከፍቻለሁ» የሚለውን ትጫናለች፤ እስክትጫን ድረስ በየዐሥር ደቂቃው ይጮኻል። ዳቦ ጋጋሪው ይህን አይቶ «ለእኔም ሥሪልኝ፣ እኔ ሳልታመም ነው የምረሳው» አለኝ። ከእሱ መነጽር ቤቱ፣ ከመነጽር ቤቱ ሁላችንም «ብሎን» የምንለው ባለጋራዥ ሰማ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ ደንበኞች አፈራሁ፤ ሥራውንም በእናቴ ሱቅ ጥግ፣ ከእሷ የስፌት መኪና ጎን ባለች ጠረጴዛ ላይ እሠራ ነበር። እሷ የሲንጀሯን እግር ስትረግጥ እኔ ቁልፎቼን እነካካለሁ፤ አንዳንዴ ቀና ብላ «አንቺስ የማንን ልብስ ነው የምትሰፊው?» ትለኛለች፤ «የብሎንን» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ታማኝነት ምን እንደሚያስከትል በነጻ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳይጠቁምብኝ፣ ገቢ አለኝ፣ ፈቃድ ስጡኝና ግብር ልክፈል ብዬ በራሴ እግር የመጣሁት እኔ ነኝ። የምሠራበትንም ቦታ ቅጹ ላይ በቅንነት ሞላሁ። በስምንተኛው ቀን ሁለት ተቆጣጣሪዎችዎ ወረቀትና ሙጫ ይዘው መጡ፤ የእናቴ ፈቃድ «ልብስ ስፌት» ስለሚል፣ ሱቁ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ መሠራቱ ከተፈቀደው ዘርፍ ውጭ መሥራት ነው ብለው አሸጉት። ሥነ ሥርዓታቸውን አለማመስገን ንፉግነት ነው፤ እናቴን፣ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ክንዷን ደግፈው ደረጃውን አወረዷት። እሷም መርቃ ሸኘቻቸው።

ሁለተኛ፣ ለእኔ ሲባል ስለተገለጠው ወፍራም የዘርፎች መዝገብ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጃንጥላ መጠገን የራሱ ቁጥር አለው፤ የጀልባ መረብ መቋጠርም አለው፤ ከሁሉም ያደነቅሁት ደግሞ ለወፍ ጎጆ ሥራ ሁለት ቁጥር መኖሩ ነው። የእኔ ሥራ ግን የለም። ሦስተኛዋ መስኮት አዝነውልኝ «ተንቀሳቃሽ ቸርቻሪ ብንልሽስ?» አሉኝ። ምን እየቸረቸርኩ እንደምንቀሳቀስ ግን ልንስማማ አልቻልንም።

በዚህ ምክንያት ደጅዎን ዐሥራ ሰባት ቀን ስጠና፣ አግዳሚ ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ፣ በሙያዬ ልማድ የፋይሌን መንገድ ተከተልኩ። አዲስ የዘርፍ ቁጥር የሚሰጠው ፋይሉ በኮሚቴ ከታየ በኋላ ነው፤ ኮሚቴው የሚያየው የተከፈተ ፋይል ነው፤ ፋይል የሚከፈተው ደግሞ የዘርፍ ቁጥር ሲኖር ነው። በሕይወቴ ብዙ አሠራር በወረቀት ላይ ስያለሁ፤ ተነስቶ እዚያው የሚያርፍ፣ አንዲት ቀዳዳ እንኳን የሌለው ክብ ግን አይቼ አላውቅም። ሥዕሉን በንጹሕ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ለሌላ ነጋዴ ቢሆን አስከፍል ነበር፤ ለእርስዎ ግን ስጦታዬ ነው።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ምስጋና ነውና ልቀጥል። ሱቁን ሲያሽጉ ኮምፒውተሩም እንደበራ ውስጥ ቀረ፤ መብራቱን ማንም አልቆረጠውም። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ብዬ ትልቅ ባትሪ ገጥሜለት ነበር። የደንበኞቿን ነገር ባዳ እንዳይነካካው ብዬም፣ ፊቱ የተቀመጠ ሰው ካልሆነ በቀር ከሩቅ የማንንም ትእዛዝ እንዳይቀበል፣ የእኔንም ቢሆን፣ አድርጌ ሠርቼው ነበር። በዚህ ጥንቃቄዬ እኮራበት እንደነበር አልደብቅዎትም። አሁን እዚያ ከማኅተምዎ ጀርባ ተቀምጦ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሥራውን በታማኝነት ይሠራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «እማዬ፣ ሱቅሽን ክፈቺ። መጀመሪያ የምትሠሪው፦ የሥራ ቁጥር 41፣ ግራጫ ካፖርት፣ ገበሩ ተቀይሯል፣ ሁለት ቁልፍ ይቀራል» ይላታል።

እናቴም ትነሣለች። ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ቁልፏን ትይዛለች፣ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ታነባለች፤ ሱቋ መታሸጉንም በየቀኑ እንደ አዲስ ትሰማለች። ክቡር ሆይ፣ እኛ ሌሎቹ መርዶ የምንሰማው አንድ ጊዜ ነው። እሷ እስካለፈው ሰኞ ድረስ ዘጠና አራት ጊዜ ሰምታለች፤ ዘጠና አራት ጊዜም «ምን አጠፋሁ?» ብላኛለች። መጀመሪያ አካባቢ እውነቱን እነግራት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላታለሁ፤ «አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ» ትለኛለች። በኋላ በኋላ ግን እጇን ይዤ ወደ ቤት እመልሳታለሁ። መንገድ ላይ ስልኩ ይጮኻል። በየዐሥር ደቂቃው ይጮኻል። «ተጫኚውና ዝም ይበል፣ እማዬ» ስላት በቁጣ ታየኛለች፤ «ሳልከፍት ከፍቻለሁ ልበል? ሰውን ልዋሽ?» ትላለች።

ስልኩን አጥፊው እንዳይሉኝ፤ አንድ ቀን አጥፍቼው ነበር። መድኃኒቷንም፣ ቀኑንም የሚነግራት እሱ ነውና፣ ሳይጮኽ ሲቀር ፍርሃት ያዛት፤ ጓዳው ውስጥ ቆማ «ዛሬ ማነው?» እያለች አለቀሰች። እኔ ብነግራት አላመነችኝም። የምታምነው ስልኩን ነው፤ እንድታምነው አድርጌ የሠራሁትም እኔው ነኝ።

ስለዚህ በአራቱም ማመልከቻዎቼ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፈቃድ አላልኩም፣ ካሳ አላልኩም። በሩ ለሩብ ሰዓት ይከፈትልኝ፣ ተቆጣጣሪዎ አጠገቤ ይቁም፣ ከፈለገም እጄን ይያዘኝ፣ አንዷን መስመር «ዛሬ ዕረፍት ነው እማዬ፣ ተኚ» በሚል ልቀይራት ነው ያልኩት። የታሸገ ቤት የሚከፈተው ፋይሉ ሲያልቅ ነው የሚል መልስ ተሰጠኝ። ያልተከፈተ ፋይል እንዴት እንደሚያልቅ ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ።

አራተኛ፣ ወይም አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ የእናቴ ነገር ወደ እኔም ሳይጋባብኝ አልቀረም፤ ብቻ ዘበኛዎን ያመስግኑልኝ። ባለፈው ወር እናቴ ከቤት ጠፍታ ስፈልጋት በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አገኘኋት። «እዚህ የሚሠራ ሰው አለ፤ ቀጠሮ አሳልፌበት ይቅርታ ልጠይቀው ነው» እያለች ትማጸነው ነበር። ዘበኛውም በደግነት ሳቅ ብሎ «እናቴ፣ እዚህ የሚመጣው ፊርማ ፈላጊ ነው፣ ይቅርታ ጠያቂ መጥቶ አያውቅም» አላት። እኔ ተምታቶባት ነው ብዬ እሱን ይቅርታ ጠይቄ፣ እሷን እንደ ሕፃን ገሥጬ ወሰድኋት። መንገዱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ያለፈው ሰኞ ጠዋት ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ አልደገመም። በመጨረሻ ልብዎ ራርቶ አስከፈቱላት ብዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ መረቅሁዎት። እየሮጥኩ ወረድኩ። በሩ እንደታሸገ ነው። እናቴ ወረቀቱን ጀርባዋ አድርጋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ደረጃው ላይ ቆማለች። ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ «ከፍቻለሁ» ብላ ተጭናለች። እናቴ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸችም። ከፍታዋለች። እኔን ስታይ ፈገግ ብላ፣ ለደንበኛ በምትጠቀምበት በዚያ ትሑት ድምፅ፣ «ይግቡ የእኔ እመቤት፣ ይቀመጡ፤ የእርስዎ ልብስ ለሐሙስ ይደርሳል» አለችኝ። ወንበር ብላ በእጇ ያሳየችኝ የመንገዱን ጠርዝ ነበር። ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ትከፍታለች፤ መርዶውም ቀረላት። እኔም ስሜ ጠፍቶባት እመቤት ሆኜ ቀረሁ። እንግዲህ የሩብ ሰዓት ልመናዬን በታላቅ አክብሮት አንስቻለሁ፤ የምትታረም መስመር የለችም። ማኅተምዎ ደስ እስካለው ድረስ ይቆይ፤ ያገዳትን ሰው ከእንግዲህ አያገኛትም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰዱብኝ፣ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለፊርማዎ ብርታት፣ ለእርስዎም የማይረሳ ልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የልብስ ሰፊዋ ልጅ
(የሥራ ዘርፍ፦ ያልተገኘ)

ማስታወሻ፦ ትናንት የእናቴን የእጅ ቦርሳ ሳጸዳ የደረሰኞቿን ቅሪት አገኘሁ። የሥራ ቁጥር 41፣ ግራጫ ካፖርት፣ በስምዎና በማዕረግዎ ተመዝግቧል፤ የተቀጠረውም ሱቁ በታሸገ ማግስት ነው። በርዎ ላይ ቆማ ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣችው እርስዎን ነበር፤ የዚያን ቀን የተምታታው በእኔ ነው። ብርዱ ሳይብስ ካፖርትዎን ቢፈልጉት ከማኅተምዎ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ማመልከቻዎን ሦስተኛው መስኮት ያስገቡ።