አራት ዲግሪ

ሰኞ፣ ግንቦት 10፤ ከሰዓት 9፡00
ባክአፕ ሁለት ጊዜ። አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለፍርሃቴ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ የቡታጅራው ክትባት መጋዘን ሰርቨር ነገ ኢኒቱን ይቀይራል። ኢኒት ማለት ሊኑክስ ሲነሣ ቀድሞ ነቅቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚቀሰቅሰው ነው። አሮጌው ተራ በተራ ይቀሰቅሳል፣ እንደ ጨዋ ሽማግሌ። አዲሱ፣ ሲስተምዲ፣ ሁሉንም ባንዴ።

የፍሪጁን ሙቀት በሚያነበው ፕሮግራም ማስነሻ ላይ ጋሽ ሙዘሚል፣ ጡረታ የወጡት ባለሙያ፣ አንድ መስመር ትተዋል፦ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ምክንያቱ አልተጻፈም። ደወልኩላቸው፤ ቆሼ ከተማ ናቸው፣ ኔትወርክ የለም። መስመሩን አጠፋሁት። አሥር ደቂቃ የሚያስጠብቅ ቢሮ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም።

ማክሰኞ 11፤ ምሳ ሰዓት
አለቀ። በሃያ ሴኮንድ ይነሣል። ሁሉም አረንጓዴ። ፍሪጅ፦ 4 ዲግሪ። አለቃችን ጨበጡኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሲስተር ራሕመት ማሻአላህ አለች፤ ቀጥላ፣ ክትባቱ የትም አይሮጥም፣ ጥድፊያው ለማን ነው? ሳቅን። እኔ ትንሽ ዘግይቼ።

ረቡዕ 12፤ 11፡00
መብራት አራት ጊዜ ሄዶ አራት ጊዜ መጣ። ማሽኑ አራቴም ዘሎ ተነሣ። ጠዋት 4፣ ቀትር 4፣ አሁንም 4። ራሕመት ከስክሪኑ እያየች መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። በዚህ ከተማ እንዲህ የረጋ ነገር አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባል። አላለኝም።

ሐሙስ 13፤ ጠዋት 3፡00
ራሕመት ለነገው የአረቅጥ ከተማ ዘመቻ የኩፍኝ ክትባት ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ጠራችኝ። "እስቲ እጅህን አስገባ።" ቅዝቃዜ የለም። የመስታወት ቴርሞሜትሩ 19። ስክሪኑ 4። ፍሪጁ መቼ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። መዝገቡም።

4፡30
ጋሽ ሙዘሚል ስልኩን አነሡ። ሙቀት ለኪው መብራት ከመጣ በኋላ ለመንቃት ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል አሉ። ፕሮግራሙ ቀድሞት ከተነሣ መልስ ያጣና የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀራል።
"አንተ ቤትህ፣ መብራት እንደመጣ ፍሪጅ ትሰካለህ?"
"ኧረ አልሰካም ጋሼ። ይረጋ ብዬ እጠብቃለሁ።"
"ታዲያ እዚህ ምን አስቸኮለህ፣ ልጄ?"

8፡00
መስመሩን መለስኩ። ስክሪኑ 19 አለ። እውነት ሲናገር የበለጠ ያስፈራል።

አለቃችን መዝገቡን ገልጠው አሳዩን። 4 ይላል፤ የተጻፈ የተጻፈ ነው፣ ዘመቻው አይቀርም፣ ማስረከቢያው ላይ ፈርሙ አሉን። ራሕመት እስክሪብቶውን አልነካችም። ወደ እኔ ዞረች፦ "ማሽኑን በሃያ ሴኮንድ ቀሰቀስክ፤ እኛን አስተኛኸን።"

የሞቀ ክትባት ልጅ አይገድልም። የተከተበ ያስመስለዋል እንጂ። እናት ካርዷን ይዛ ተረጋግታ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ ኩፍኝ ይመጣል።

11፡00
ሣጥኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። መኪናው ንጋት ላይ ይወጣል። በየሣጥኑ ላይ በማርከር እየጻፍኩ ነው፦ አይሰጥ፣ ሞቋል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥር ስሜ፣ እስከ አያቴ። ሦስት ሣጥን ይቀራል። አለቃችን ከኮሪደሩ በስሜ እየጠሩኝ ነው። ይጥሩኝ። እጨርሳለሁ።