የማን እጅ እንደነበረ

ኅዳር 12 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ የውበት ሳሎኑ ጭር ባለበት ሰዓት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? ደብዳቤ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፣ እናታችን ደህና ናት። ጉልበቴን ትላለች እንጂ ጎረቤት ለመዞር ሲሆን ጉልበቱም አያማት። እኔም ደህና ነኝ፣ ሆዴን ካልጠየቅሽኝ።

እዚህ ታች ያለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከሙያ ጋር የሚያስተዋውቅበት ቀን አዘጋጅቶ ነበር። የውበት ሥራን እንዳስተዋውቅ የተጠራሁት ማን ልሁን? እኔ! ዝግጅቱን የምትመራው አስተማሪ ራሷ ሳሎን ድረስ መጥታ ለመነችኝ። ሙያውን የወደዱ ልጆች ከትምህርት በኋላ እኔ ዘንድ እየመጡ እንዲለማመዱም ተስማማን። ከዚያ ከልብስ ሰፊዋ ጉድ ወዲህ ተለማማጅ አምኖ የላከልኝ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ደስታዬን አትጠይቂኝ። ፎጣዎቹን በሙሉ በበረኪና ዘፈዘፍኩ፤ የተሰነጠቀውን መስታወት አስቀየርኩ።

የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኑንና የፀጉር ማድረቂያ ፎኑን ተሸክሜ አዳራሽ ገባሁ። "ልጆች፣ ይሄ ሥራ በቀለምና በመቀስ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ውሃውን በራስ ክንድ ሞክሮ ነው ሰው ራስ ላይ የሚፈሰው" አልኳቸው። ከዚያ አንዷን ልጅ ወንበር ላይ አስተኝቼ ጭንቅላቷን ሳጥብላት እንቅልፍ ይዟት አይሄድ መሰለሽ! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ "ወንድ ልጅም መግባት ይችላል?" አለኝ። "ጥፍርህን ቆርጠህ ና" አልኩት።

በዚህ መሃል አስተማሪዋ ጠቀሰችኝና፣ "አሁን ደግሞ ከዚሁ ከኛው ሰፈር ተነስታ ውጭ አገር ስመ ጥር የሆነች ባለሙያ ትመክራችኋለች። የማን እህት እንደሆነች ገምቱ!" አለቻቸው። ኢንተርኔት ላይ ያወጣሽውን ቪዲዮ ከፈተች። ልታስደስተኝ ብላ ነው እኮ፣ እስከ መጨረሻው አላየችውም። እኔም ኩራቴ፣ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ።

አምሮብሻል። ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል። ከዚያ እንዲህ አልሽ፦ "የመጀመሪያ አስተማሪዬ በግዴለሽነት የሰው ጭንቅላት ስታቃጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ጥንቃቄ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እናንተም ሙያውን ስትጀምሩ እንደዚያ ዓይነት ቤት አትግቡ።"

በዓይንሽ አየሽ? አንቺ ልጅ፣ በዓይንሽ?

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የመጀመሪያ አስተማሪሽ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለማ! ያቺ ተኝታ የነበረችው ልጅ ገና ያልደረቀ ፀጉሯን በእጇ ዳበሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። በማግስቱ አስተማሪዋ መጥታ፣ ዓይኔን ማየት እያቃታት፣ "ወላጆች ፈሩ፤ የልምምዱን ነገር ለጊዜው እናቆየው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አገር ቢረሳው አንቺ አትረሺውም። የልብስ ሰፊዋን ፀጉር ከፋፍዬ፣ ዓይኗ ላይ ፎጣ ጣል አድርጌ፣ የፀጉር ማለስለሻውን ኬሚካል በእጅሽ ሰጠሁሽ። ሻምፖ አልቆብን ነበር። ያሸለበች መስሎኝ ጆሮሽ ላይ፣ "ቆዳዋን እንዳይነካ፤ አቃጠለኝ ካለች ወዲያው እጠቢያት" ብዬሽ ሻምፖ ልገዛ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ አንቺ በሩ ላይ ስልክሽ ላይ አቀርቅረሻል፤ እሷ ታቃስታለች። ሳጥባት ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋ ከነፀጉሩ ተነሳ። "ምን አድርገሽኝ ነው?" ብላ ስትጮህ፣ "እኔ ነኝ፣ ሰዓቱን ዘንግቼው ነው፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ" አልኳት። ፈተናሽ ደርሶ ነበር። ወሬው ካንቺ ስም ጋር ቢወጣ የምስክር ወረቀቱም፣ ጉዞውም ውሃ በላው ማለት ነው። አንቺ ከኋላዬ ሽርጤን ጨብጠሽ ቆመሽ ነበር። በኋላ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ፣ "ይህን ውለታሽን እስክሞት አልረሳውም" አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አልረሳሽውም፤ ይኸው ለዓለም ነገርሽው!

ከዳሽኝ። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ደንበኛ ሲሸሸኝ የቻልኩት፣ "ያቺ አቃጣይ" ስባል የቻልኩት አንቺ እንድትሄጂልኝ ብዬ ነው። ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ልጆችን ለመምከር የግድ እኔን ማንሳት ነበረብሽ? ሌላው ሌላው ይቅር፣ "በግዴለሽነት" ያልሽው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እናታችን እንዳታየው ስልኳን ደብቄባታለሁ፤ ሌባ ገባ ብላ ሰፈሩን ስታተራምስ ሰነበተች። ይኸው ዛሬም ገመናሽን የምሸፍነው እኔው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት ናት፣ ሁሉንም ነግራታለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እስከ መቼ ነው እኔን እንደ ሞኝ የምትቆጥሪኝ?" አለችኝ።

"ምን አደረግኩሽ ደግሞ?"

"ያን ቀን ዓይኔ ቢሸፈንም ጆሮዬ አልተደፈነም። ሁለቴ ያቃጥለኛል ስል አንድ እጅ ያለ ምንም ቃል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ 'የኔ እመቤት ቻይ' ብለሽ ጀምረሽ የጎረቤቱን ሁሉ ታሪክ አትጨርሺብኝም ነበር? ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ አፍሽን ዘግተሽ የሰው ፀጉር የነካሽው?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"እህትሽን ልትሸፍኚ ቆርጠሽ ተነስተሽ፣ እኔ በመሃል ምን ጥልቅ አደረገኝ? አሁን ግን አንቺ ሸፈንሻት፣ እሷ ገለጠችሽ። ነገ እዚያ አዳራሽ ገብቼ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ጠባሳ አሳይቼ የማን እጅ እንደነበረ እነግራቸዋለሁ። ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ፤ ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ።"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ እጅ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ መቀስ አለ። ቢሆንም በንዴት አልመለስኩላትም፣ አሰብኩበት። ወሬው አንቺ ዘንድ እንደሚደርስ፣ እንጀራሽንም እንደሚነካ አውቃለሁ። ግን እነዚያ ልጆች ወደዚህ ሥራ ቢገቡ አንድ ቀን መሳሳታቸው አይቀርም። ሲሳሳቱ ጥፋታቸውን የሚወዳቸው ሰው ላይ ጭነው መሄድ እንደሚቻል ካንቺ ተምረው እንዲገቡ አልፈለግሁም። ሂጂ አልኳት። እኔም አብሬሽ እገባለሁ አልኳት።

ያኔ ጥፋትሽን የወሰድኩት ስለምወድሽ ነው። አሁንም የምመልስልሽ ጠልቼሽ አይደለም፣ ከበደኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ። እጅሽን ይባርክልሽ። ደህና ሰው ይስጥሽ፣ ስትደክሚ የሚያሳርፍሽ።

ድንገት እንዳትደውዪልኝ፣ ነገ ከትምህርት ቤት እስክንመለስ ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ ልብስ ሰፊዋን ከበሩ ላይ ጎትቼ እንደምመልሳት ራሴን አውቀዋለሁ።

ታላቅ እህትሽ